ግልባጭ ለማን?

ሰባት ካርቶን ወረቀት ነው። የተገኘው በ1977 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ያለ፣ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲአይኤ የአሮጌ ሰነዶች ማከማቻ ነው። ውስጡ የነበረው የክፍያ ማዘዣ፣ ደረሰኝና የበጀት ማስታወሻ ነበር። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዓይነት ወረቀት። ግን ሲአይኤ በሰው አእምሮ ላይ ሙከራ ያደርግበት ስለነበረው፣ ኤምኬአልትራ ስለተባለው ፕሮግራም ዛሬ ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከነዚያ ካርቶኖች ነው።

ይህን ያነበብኩት አንድ ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። መቀመጥ አቃተኝ፣ ተነስቼ ወጥ ቤት ውስጥ ቆምኩ። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ስምንት ዓመት የውስጥ ኦዲተር ነበርኩ። ደረሰኝ ዝም ብሎ እንደማይቀር አውቃለሁ።

ካርቶኖቹ የተረፉት እንዲህ ነው። በ1973 መጀመሪያ ላይ የሲአይኤው ዳይሬክተር ሪቻርድ ሄልምስ ሥልጣን ሊለቅ ነበር። የፕሮግራሙ መሪ ከነበረው ከኬሚስቱ ሲድኒ ጎትሊብ ጋር ተነጋገሩና የኤምኬአልትራ ፋይሎች እንዲጠፉ ተደረገ። ጠፉም። የሂሳብ ክፍሉ ግን የራሱን ወረቀት ቀደም ብሎ ወደ ማከማቻው ልኮ ነበር። አጥፊዎቹ ያንን አላሰቡትም። በኋላ አንድ ሰው መረጃ የማግኘት መብትን ጠቅሶ ጥያቄ አቀረበ። መልስ እንዲፈልግ የታዘዘው ሠራተኛ ከዚያ በፊት ያልታየውን የሂሳብ ክፍሉን ዝርዝር ጭምር አገላበጠ። ሰባቱን ካርቶን ያገኘው እሱ ነው። ይህን ሠራተኛ በጣም አከብረዋለሁ። «የለም» ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ፕሮግራሙ የተፈቀደው በሚያዝያ 1953 ነው። ያኔ ዳይሬክተሩ አለን ደለስ ነበር። ዓላማው የሰውን አእምሮ በመድኃኒትና በሌላ መንገድ መቆጣጠር ይቻል እንደሆነ መሞከር ነው። በካርቶኖቹ መሠረት 149 ንዑስ ፕሮጀክቶች ነበሩት። ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ገንዘብ ተቀብለውበታል። ከሁሉ የሚከፋው ኤልኤስዲ የተባለውን ቅዠት የሚያመጣ መድኃኒት ምንም ለማያውቁ ሰዎች መስጠታቸው ነው። ሳን ፍራንሲስኮና ኒው ዮርክ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ሰዎችን ወደዚያ አስመጥተው፣ መጠጣቸው ውስጥ ይጨምሩላቸው ነበር።

የኔን ዓይን የያዘው ግን ገንዘቡ ነው። ደለስ ፕሮግራሙን ሲፈቅድ የቴክኒክ ክፍሉ የምርምር በጀት 6 በመቶ ያለ መደበኛ ውልና ያለ ተለመደው የሂሳብ ቁጥጥር እንዲወጣ ፈቀደ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሰው ላይ የተደረገው ግፍ ከመጀመሩ በፊት ኦዲት እንዳይገባ በሩ ተዘግቷል። በር የሚዘጋው ሰው ውስጥ ምን እንደሚሆን ገና ላያውቅ ይችላል። ማንም እንደማያየው ግን ያውቃል።

በርግጥ መሠረቱ ቀድሞም ተጥሎ ነበር። በ1949 የወጣው የሲአይኤ ሕግ ዳይሬክተሩ ለምስጢራዊና ለአስቸኳይ ጉዳይ ያወጣውን ገንዘብ በራሱ ፊርማ ብቻ እንዲያወራርድ ይፈቅዳል። የአንድ ሰው ፊርማ ይበቃል። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 (የንብረት ገቢና ወጪ ቅጾች) ሳያመሳክር አንዲት ብርጭቆ ከንብረት ክፍል አውጥቶ ለማያውቅ ለኛ አገር ንብረት ሠራተኛ ይህ ሕልም ነው የሚመስለው። ስለላ ሚስጥር እንደሚፈልግ ይገባኛል። ጠላት አገር ውስጥ ለሚሠራ ሰው የተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ ላይ ስሙ ተጽፎ ቢወጣ ያ ሰው ይሞታል። ችግሩ ሚስጥሩ ከጠላት ብቻ ሳይሆን ከራስ ቤት ተቆጣጣሪም መደበቁ ነው።

ፕሮግራሙ በተጀመረ በሰባተኛው ወር አንድ ሰው ሞተ። ፍራንክ ኦልሰን የሚባል የጦር ሠራዊቱ ሳይንቲስት ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ካምፕ ዲትሪክ ይሠራ ነበር። በኅዳር 1953 አንድ ሐይቅ ዳር ለስብሰባ በተሰበሰቡበት ሳያውቅ ኤልኤስዲ በመጠጥ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተረበሸ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ኒው ዮርክ ከሚገኝ ሆቴል 10ኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ። ሚስቱና ልጆቹ ስለ መድኃኒቱ የሰሙት በ1975 ነው። 22 ዓመት ሙሉ አባታቸው ለምን እንደሞተ ሳይነገራቸው አደጉ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ፎርድ ዋይት ሐውስ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ውስጥ ግን ያኔውኑ ተመርምሮ ነበር። የሲአይኤ የውስጥ ተቆጣጣሪ የሆነው ዋና ኢንስፔክተሩም የሕግ አማካሪውም ጉዳዩን ያውቁት ነበር። ደለስ ለሚመለከታቸው ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ፤ የማመዛዘን ጉድለት እንደነበረ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ግን ተግሣጽ እንዳልሆነና በግል ማህደራቸውም እንዳይመዘገብ ተወሰነ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማህደር ውስጥ ያልገባ ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም። ፕሮግራሙ ቀጠለ።

አሥር ዓመት ቀጠለ። በ1963 ጆን ኧርማን የተባለው ዋና ኢንስፔክተር የቴክኒክ ክፍሉን ሲመረምር ኤምኬአልትራ ላይ ደረሰ። የጻፈው ሪፖርት አጭር ነው፤ ግን ሁሉ ነገር አለበት። ብዙ የሕክምና ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ምርምር ከሙያ ሥነ ምግባር ውጭ አድርገው እንደሚያዩት ጽፏል። ምንም በማያውቁ ሰዎች ላይ የሚደረገው ሙከራ እንዲቆም መክሯል። ሙከራዎቹ ሲታቀዱና ሲፈቀዱ መዝገብ አለመያዙንም አገኘ። ፕሮግራሙን አሟልተው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሚያውቁትም አብዛኛው በጽሑፍ የለም ብሎ አስቀመጠ። ሁለት ሰው! እንዲህ ያለ ሥራ በሁለት ሰው ጭንቅላት ውስጥ።

ያ ሪፖርት የተዘጋጀው በአንድ ቅጂ ነው። ለዳይሬክተሩ። ሄልምስ ያኔ የስውር ኦፕሬሽኖች ኃላፊ ነበር፤ ሙከራው መቀጠል አለበት ብሎ ተከራከረ። ባላወቁ ሰዎች ላይ የሚደረገው ሙከራ ለጊዜው ቆመ ተባለ፤ ቤቶቹ ግን ወዲያው አልተዘጉም። የመጨረሻው የተዘጋው በ1966 ነው። ሕዝብና ኮንግረስ ነገሩን የሰሙት ሪፖርቱ ከተጻፈ ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ «ማንም አላየም» የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። ታይቷል። በቀለም ተጽፏል። ግልባጭ ብቻ አልነበረውም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከዚህ ጋር በክብደት የሚወዳደር አይደለም፤ ሰው አልሞተበትም። ግን ነገሩ የገባኝ በዚያ በኩል ነው።

መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ የቆመች ፒካፕ ነበረች። ለረጅም ጊዜ ከግቢ አልወጣችም። ወጪዎቹን ሳመሳክር በአንድ ዓመት ውስጥ ለዚያች መኪና 12 ጎማ ወጥቷል። ነዳጅም ተሞልቶላታል። ሦስት ሳምንት ፈጅቼ ሪፖርት አዘጋጀሁ። አባሪ አድርጌ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በእጄ ሰጠሁ። ደንቡም እንደዚያ ነው የተባልኩት። ኃላፊው ፊቴ ገጽ በገጽ አነበበው። አልተቆጣም። «ጎበዝ ነሽ፣ ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ፣ ሪፖርቱን አስገባ፣ ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ከሦስት ወር በኋላ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ምክንያት አልተጻፈም። መዝገብ ቤት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩን ሳጫውታቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ግልባጭ ለማን አደረግሽ?» ለማንም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በይ ተይው ልጄ፣ አልጻፍሽውም ማለት ነው» አሉኝ።

ለዓመታት አዘንኩባቸው። ልክ እንደነበሩ ያየሁት እዚህ ቨርጂንያ ከመጣሁ በኋላ ነው። ወደ ሥራ የምነዳበት መንገድ በላንግሌይ በኩል ያልፋል። የሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤት ከዛፎቹ ኋላ ነው፤ ከመንገዱ ምልክቱ ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ ሐበሻ በዚያ በኩል ወደ ሥራ ይመላለሳል። እኛ «ደህንነት» የሚለውን ቃል ድምፅ ዝቅ አድርገን የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ እኔም መጀመሪያ ሰሞን ምልክቱን ሳይ ዓይኔን ከሱ አሸሽ ነበር። በኋላ ግን እዚያ ውስጥም የውስጥ ኦዲተር እንዳለ ሳውቅ ሌላ ሆነብኝ። ማን ናቸው? ሪፖርታቸውን ለማን ይሰጣሉ? ማታ ማታ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ላይማን ከርክፓትሪክን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ከ1953 ጀምሮ ዋና ኢንስፔክተር ነበር። ከዚያ በፊት ወደ ላይ የሚወጣ የስለላ ሰው ነበር ይባላል። በ1952 ሥራ ላይ እያለ ፖሊዮ ያዘውና ከዚያ በኋላ በዊልቸር ነው የሠራው። በሚያዝያ 1961 ሲአይኤ ያሠለጠናቸው 1,400 ያህል የኩባ ስደተኞች የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ በሚባለው ቦታ ወርደው ካስትሮን ሊጥሉ ሞከሩ። በሦስት ቀን ውስጥ ተሸነፉ። ከመቶ በላይ ሞቱ፣ ከሺህ በላይ ተማረኩ። ከርክፓትሪክ መርማሪዎቹን ይዞ ገባ፣ በጥቅምት ሪፖርቱ አለቀ።

ሪፖርቱ ሌላ ሰው ላይ አላመካኘም። ሁሉም «ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአየር ድብደባውን ስለሰረዘ ነው» ሲል እሱ የራሱን ቤት አየ። 4.4 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ የተጀመረው በጀት ከ46 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ኩባ ላይ ከሚሠሩት ውስጥ ስፓኒሽ የሚችሉት ጥቂት ናቸው። የአሜሪካ እጅ የለበትም ብሎ መካድ ከረጅም ጊዜ በፊት የማይቻል ሆኗል፤ ጋዜጦች ሳይቀሩ ጽፈውታል። ያኔ ወደ ፕሬዚዳንቱ ሄዶ «ይህ ነገር ስውር መሆኑ ቀርቷል» ማለት ነበረባቸው። አላሉም።

ከርክፓትሪክ ሪፖርቱን ለማን እንደሰጠ ነው ትልቁ ነገር። ደለስ ሊለቅ ነው፣ ጆን ማኮን ሊተካው ነው። ከርክፓትሪክ ለአዲሱ ሰው ቀድሞ ሰጠው። ደለስና የኦፕሬሽኑ ኃላፊ ሪቻርድ ቢሰል በጣም ተቆጡ። የቢሰል ወገን ረጅም የመልስ ጽሑፍ አዘጋጀ። ከዚያ ወሬው ስለ ሰውዬው ሆነ። በሽታው ሥልጣኑን ስለነጠቀው ነው፣ ቂም ነው፣ የቢሰልን ቦታ ስለሚመኝ ነው ተባለ።

ምናልባት ቂም ነበረበት ይሆናል። እኔ በልቡ ውስጥ አልገባም። ግን 46 ሚሊዮን ዶላር በቂም አይፈጠርም። ስፓኒሽ አለማወቅም በቂም አይመጣም። ኦዲተር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ነገር ሁልጊዜ ይኸው ነው። «ምን አስባ ነው?» ይባላል። የጎማውን ቁጥር ማንም አይጠይቅም። እኔም ላይ ያንን ብለዋል፤ የኃላፊውን ጸሐፊ ቦታ ፈልጋ ነው ብለዋል።

የከርክፓትሪክ ሪፖርት ካዝና ውስጥ ተቆለፈ። ሕዝብ ያነበበው በየካቲት 1998 ነው። ከ36 ዓመት በኋላ።

የ1970ዎቹን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የስለላ ድርጅቶቹን የሚመረምር የሴኔቱ የቸርች ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ምስጢሩ ተዘረገፈ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች ቋሚ የስለላ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከዚያ በ1980ዎቹ መንግሥት በስውር ለኢራን መሣሪያ ሸጦ ገንዘቡን ኮንትራ ለሚባሉት የኒካራጓ አማፂያን ያዋለበት የኢራንና የኮንትራ ቅሌት መጣ፤ የውስጥ መርማሪው ቢሮ አቅም እንደሌለው ታየ። ለኔ ዋናው ከዚያ በኋላ በ1989 የወጣው ሕግ ነው። ከዚያ ሕግ ጀምሮ ዋና ኢንስፔክተሩን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ዳይሬክተሩ ሊያባርረው አይችልም። አንድ አንቀጹን ደግሞ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዳይሬክተሩ ለአገር ደህንነት ሲባል አንድን ምርመራ ማስቆም ይችላል። ካስቆመ ግን ምክንያቱን በሰባት ቀን ውስጥ ለኮንግረስ ኮሚቴዎች በጽሑፍ መላክ አለበት።

መሳቢያውን መቆለፍ ይችላል ማለት ነው። ግን ቆልፌያለሁ፣ የቆለፍኩትም በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ለሌላ ቤት መጻፍ አለበት። ምስጢሩ አደባባይ አይወጣም፣ ሰላይ አይጋለጥም። ግልባጭ ግን አለ። ይህን የጻፈው ሰው መሳቢያ ሲቆለፍ በዓይኑ ያየ ሰው መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ያየሁት በጆን ሄልገርሰን ነው። ከ2002 እስከ 2009 ዋና ኢንስፔክተር ነበር። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ሲአይኤ በሌሎች አገሮች ስውር እስር ቤቶች ከፈተ። በኅዳር 2002 አፍጋኒስታን ውስጥ ጉል ራህማን የተባለ እስረኛ ከወገቡ በታች ራቁቱን ሲሚንቶ ወለል ላይ ታስሮ ሞተ፤ ብርድ ነው የገደለው። በጥር 2003 ደግሞ አንዳንድ የድርጅቱ ሠራተኞች ራሳቸው ወደ ኢንስፔክተሩ ቢሮ መጡ። እዚያ የሚደረገው ነገር ሰብዓዊ መብት መጣስ ይሆናል ብለው ሰግተዋል። እነዚህን ሰዎች አስባቸዋለሁ። አገር በድንጋጤ ላይ ናት፣ ሁሉም «ጠንከር በሉ» ይላል፣ እነሱ ደግሞ ጸጥ ባለ ኮሪደር ሄደው አንድ በር ያንኳኳሉ። በሩን የሚከፍት ሰው መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

የሄልገርሰን ሰዎች እስረኞች ሲመረመሩ የተቀረጹትን ቪዲዮዎች ሄደው አዩ። 11 ካሴት ባዶ ነው። ሁለቱ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በቀር ምንም የለባቸውም። ሁለቱ ተሰብረዋል። ከጽሑፍ መዝገቡ ጋር ሲያስተያዩት ደግሞ የ21 ሰዓት ክፍተት አገኙ። ይህ ንጹህ የኦዲት ሥራ ነው። ቆጥሮ፣ አስተያይቶ፣ የጎደለውን መጻፍ። ሽጉጥና መሰርሰሪያ አቅርበው እስረኛ ማስፈራራታቸውን፣ ውሃ እያፈሰሱ የማፈኑን ዘዴ አንዱ ላይ 83፣ ሌላው ላይ 183 ጊዜ መጠቀማቸውን መዝግበዋል። ሪፖርቱ በግንቦት 2004 ወጣ። በ2005 ድርጅቱ 92ቱንም ካሴቶች አጠፋ። ግን ኦዲተሮቹ ያዩትን ጽፈው ነበር።

እዚህም ቢሆን ግልባጩ ጠባብ ነበር። መጀመሪያ ያገኙት የኮሚቴዎቹ መሪዎች ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አባላት እስከ 2006 ጠበቁ። የጉል ራህማን ጉዳይ ደግሞ አሁንም ያቃጥለኛል። እስር ቤቱን ይመራ የነበረው ሰው እስረኛው ከሞተ ከአራት ወር በኋላ ለሥራው የ2,500 ዶላር ሽልማት እንዲሰጠው ሐሳብ ቀረበለት። በኋላ ጉዳዩን ያየው ቦርድ 10 ቀን ያለ ደመወዝ ይታገድ አለ። እሱንም የበላይ ኃላፊ ሰረዘው። የደለስን ደብዳቤ አስታወሰኝ። በ1954 ማህደር ውስጥ ያልገባው ደብዳቤና ይህ 50 ዓመት ቢራራቁም አንድ ናቸው። መርማሪው ማየት ይችላል፣ መቅጣት ግን የሱ ሥልጣን አይደለም።

በ2007 ደግሞ ዳይሬክተሩ ማይክል ሄይደን የኢንስፔክተሩ ቢሮ ራሱ እንዲመረመር አዘዘ። ኮንግረስ ውስጥ ብዙዎች ተቃወሙ። የተቃወሙት ስላወቁ ነው፤ ኢንስፔክተሩ ከዳይሬክተሩ ሌላ የሚሰማው ነበረው። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ስዛወር ማን ያውቃል?

ከኛው አገር የተወለደው ቢንያም መሐመድም በዚሁ ታሪክ ውስጥ አለ። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፣ በ2002 ፓኪስታን ውስጥ ተያዘ፣ ወደ ሞሮኮ ከዚያ ወደ አፍጋኒስታንና ጓንታናሞ ተወሰደ። በ2009 ያለ ፍርድ ተለቀቀ። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ውሳኔ ውስጥ በፓኪስታን አሜሪካኖቹ ምን እንዳደረጉበት የሚናገሩ ሰባት አንቀጾች ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት እንዳይወጡ ተከራከረ። በየካቲት 2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አወጣቸው። ቢያንስ ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝ ነው ይላሉ። ሰባት አንቀጽ ወረቀት ላይ ለማውጣት ስንት ዳኛ ተቀመጠ።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። የውስጥ ኦዲት ክፍል ተቀጥራለች። በጣም ደስ ብሏታል፣ እኔም እልል አልኩላት። «አክስቴ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» አለችኝ። የቅጥር ደብዳቤሽን አምጪና አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ። ደመወዝ፣ የሥራ መደብ፣ ተጠሪነት ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ።

«ከታች ግልባጭ የሚለውን አንብቢው።»

«ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ለመዝገብ ቤት።»

«እሱ የደብዳቤሽ ነው። የሪፖርትሽስ?»

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። ሁለቱንም ገጽ አየችው። «እሱ የለውም» አለችኝ። «ሰኞ ጠዋት ገብቼ እጠይቃለሁ።»